ጥያቄው የማን ነው?

ባለፈው ዓመት ከገና በኋላ ባለው ሰሞን እዚህ ግራንድ ሳኮኔ ከአንድ ወገናችን ቤት ለክርስትና ተጠርተን ነበር። ቡናው ቀርቦ ጨዋታው ሲደራ በዕድሜ ከእኔ ከፍ የሚሉ አንድ አባት ጠጋ ብለው፣ «መምህር፣ አንተ መጽሔቱ ላይ አንዳንድ ነገር ትጽፍ የለም? እስቲ ስለ ልጆቻችን ጻፍልን» አሉኝ። (ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነኝም እሳቸው ዛሬም «መምህር» ነው የሚሉኝ፤ እኔም ደስ ስለሚለኝ አርሜያቸው አላውቅም።) ነገሩ እንዲህ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው የሒሳብ የቤት ሥራውን በስልኩ ፎቶ እያነሣ ለማያውቀው ሰው ይልካል። ሰውየው ሊዮን ይኑር ዳካር አይታወቅም፤ ብቻ በፈረንሳይኛ ሠርቶ ይመልስለታል። ልጁም ይገለብጣል። ሁለት ወር ሙሉ ውጤቱ ያማረ ነበር። በኋላ አስተማሪው ወደ ሰሌዳ አውጥቶ ያንኑ «የሠራውን» እንዲያስረዳ ሲጠይቀው፣ ልጁ ጠመኔውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«ሌብነት ነው ብለህ ጻፍልኝ» አሉኝ አባትየው። እሺ አልኩ። ጽሑፉ ግን እሳቸው ባዘዙት መንገድ አልሄደልኝም፤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የአውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ ሰልፍ ለንባብ የተመቸ ቦታ ነው። ፓሌክስፖ የሰዓት ትርኢት ያለበት ሳምንት ካልሆነ በቀር፣ ብዙ መኪና ከፊት ተደርድሮ እየጠበቁ መዋል የተለመደ ነው። እዚያ ተቀምጬ ለሦስት ሳምንት ያህል፣ የአገር ቤት ተማሪዎች የቤት ሥራቸውን የሚለጥፉባቸውን የቴሌግራም ቡድኖች፣ ድሮ ደብተር እንደማርመው አድርጌ አነበብኩ። የፈረንሳይኛውንም ጎብኝቻለሁ። ከእነሱ ውስጥ ትልቁ ብሬይንሊ የሚባለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በፖላንድ፣ ክራኮቭ ከተማ የተመሠረተ ነው። መልስ የሰጠ ሰው ነጥብ ያገኛል። ነጥብ የሚሰበስብ ሰው ደግሞ እንደሚታወቀው ይቸኩላል። የአገር ቤቱ ነጥብ የለውም፤ ችኮላው ግን አንድ ነው።

ካነበብኩት አንዱን ላቅርብ። አንድ ተማሪ አሥር ጥያቄ ያለበት የፊዚክስ ዎርክሺት ፎቶ ለጥፎ፣ ነገ ስለሚሰበሰብ የሠራ ሰው ካለ ቶሎ እንዲልክለት ይለምናል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ከ45 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ መሬት ለመድረስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት ይጠይቃል፤ የስበቱን መጠን 10 አድርጋችሁ ውሰዱ ይላል። አንዱ መላሽ «4.5» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው «3» አለ። ሦስተኛው ማብራሪያ ሳይጨምር «3 ነው» ብሎ አጸደቀ። ተማሪው አመሰገነና ሄደ። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከዚያ በኋላ አንድ አራተኛ ሰው መጥቶ «አንተስ ስንት አገኘህ?» ብሎ ጠየቀው። መልስ አላገኘም።

ለእኔ፣ አስተማሪ ለነበርኩት ሰው፣ ከእነዚህ ሁሉ የሚጥመው ያ የተሳሳተው 4.5 ነው። 45ን ለ10 አካፍሎ ያገኘው ነው። እንዲህ የሚያሰላ ልጅ ድንጋዩ በየሰከንዱ 10 ሜትር ይወርዳል ብሎ ያምናል። 10 ግን ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚጨምርበት መጠን እንጂ ፍጥነቱ ራሱ አይደለም። ድንጋዩ በመጀመሪያው ሰከንድ 5 ሜትር፣ በሁለተኛው 15፣ በሦስተኛው 25 ይወርዳል፤ ድምሩ 45። ይህን ለማሳየት አንድ ጠመኔና አምስት ደቂቃ ይበቃል። ነገር ግን ልጁ መጀመሪያ 4.5 ማለት አለበት። ተሳስቶ ካላሳየኝ ምኑን አርመዋለሁ? ሦስት የሚለውን መልስ የተቀበለው ተማሪ ምናልባት በልቡ 4.5 ይዟል፤ ይዞትም ወደ ፈተና ይገባል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጥያቄው የመምህሩ ነው። መልሱ የእንግዳው ነው። የተማሪው ድርሻ ፎቶ ማንሣቱ ብቻ ነው።

በዚያው ቡድን ግን አንዲት ልጅ ከሁሉም የተለየ ነገር ጽፋ አገኘሁ። ስለ አንድ መኪና ፍጥነት የሚጠይቅ ሒሳብ ላይ «ስታርትስ ፍሮም ሬስት» የሚል ሐረግ አለ። እሷም መኪናው ከዕረፍት በኋላ ነው ወይ የተነሣው፣ ዕረፍቱስ ስንት ደቂቃ ነው፣ ብላ ጠየቀች። የሳቅ ምልክት እንደ በረዶ ወረደባት። አንድ ደግ ሰው ግን ቆሞ ከነበረበት ተነሣ ማለት እንደሆነ፣ ስለዚህ መነሻ ፍጥነቱ ዜሮ መሆኑን ነገራት። ልጅቱ ቀሪውን ራሷ ሠርታ፣ ደብተሯን ፎቶ አንሥታ ለጠፈችው። ትክክል ነበር። በሦስት ሳምንት ንባቤ እውነተኛ ጥያቄ ብዬ የቆጠርኩት ይህንና ሌላ ሁለት ሦስት ነው። አገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ እያስተማረች ስንት ልጅ በፊዚክስ ሳይሆን በአንዲት ቃል እንደሚወድቅ አስተማሪ የነበረ ያውቃል። እኔ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ያቺን ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም። እንዳይሳቅበት ይፈራ ነበርና። ለማያውቁት ሰው መጠየቅ አንድ ጥቅም እንዳለው በዚህ ገባኝ፤ ማንነቱን የማያውቅ ሰው ቢስቅበት ልጁ ነገ ክፍል ውስጥ ፊቱን አያየውም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ልጅቱ ተናግራ አተረፈች።

አባቴ በወጣትነቱ ጎጃም፣ ዋሸራ ቅኔ ተምሯል። ሲያጫውተን እንደምሰማው የቅኔ ተማሪ ቀኑን ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ጀማሪ ከሆነ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃናን። ከዚያ ሄዶ ለየኔታው ይነግራል። የኔታ የተበላሸውን ያቃናሉ፣ ካልሆነም «ሂድና እንደገና ቁጠር» ይላሉ። ባዶ እጁን መጥቶ «የኔታ፣ ቅኔ ስጡኝ» የሚል ተማሪ አልነበረም። ቢኖርም በዱላ ይባረር ነበር መሰለኝ። ዱላውን ማሞገሴ አይደለም። ነገር ግን ከማያውቁት መጠየቅ ለእኛ ባዕድ እንዳልሆነ፣ ቆሎ ተማሪው አገር አቋርጦ የሚሄደው ላልወለዱት ሊቅ ለመጠየቅ እንደነበረ ማስታወስ ይገባል። ልዩነቱ ይዞት የሚሄደው ነገር ላይ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ ጣት ቀስሬ ብቻ መሄድ አልችልምና። ከ1994 እስከ 2002 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። በአንድ ክፍል ሰባ፣ ሰማንያ ተማሪ ነበር። የቤት ሥራ እሰጣለሁ፤ ጠዋት በየወንበሩ እየዞርኩ መሠራቱን አይቼ የቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ። ሰማንያ ደብተር ማን ያነባል? ተማሪዎቹም ይህን ያውቃሉ። ደወሉ ከመደወሉ በፊት ከክፍሉ ጀርባ ግድግዳው ሥር ተደርድረው ከአንዱ ጎበዝ ደብተር ይገለብጡ ነበር። እያየሁ አልፋቸው ነበር። ዛሬ የዚያ ግድግዳ ስሙ ተለወጠ እንጂ ሥራው አልተለወጠም። ግድግዳው ሥር ያለው ጎበዝ ቢያንስ ስሙ ይታወቅ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ፕላዝማ መጣ። የዛሬ ወጣቶች ላያስታውሱት ይችላሉ። ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ወደየክፍላችን የሚወርድ፣ በፈጣን እንግሊዝኛ የሚያስተምር ቴሌቪዥን ነው። ለእኛ ለመምህራኑ መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትቀረን ነበር። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ለአፍታ ዝም ይላል፣ ከዚያ ራሱ መልሱን ይናገራል። ተማሪዎቼ በመጀመሪያው ወር በዚያች ዝምታ ውስጥ ለመሥራት ይሞክሩ ነበር። በሦስተኛው ወር እጃቸውን አጣጥፈው መጠበቅ ጀመሩ፤ መልሱ እንደሁ መምጣቱ አይቀርም። የማያውቁት ሰው መልስ እስኪሰጥ መጠበቅን ማን አስተማራቸው ስል የማስታውሰው እሱን ነው። (መብራት የጠፋ ቀን ደስ ይለኝ ነበር። ከስምንቱ ዓመት የማልረሳቸው ክፍለ ጊዜዎች መብራት የጠፋባቸው ናቸው።)

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም ከሩቅ ሰምተናል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ወጥቶ ተሰረዘ፤ በኋላም ሌላ ፈተና ሲሰጥ ማኅበራዊ መገናኛው ተዘጋ። ከዓመታት በኋላ መንግሥት ተፈታኞቹን ከየትምህርት ቤታቸው አውጥቶ፣ ስልካቸውን አስቀርቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ማስፈተን ጀመረ። የመጀመሪያው፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተሰጠው፣ ውጤት ሲነገር ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አልሞሉም፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ሆነ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። ከዚያ 5.4፣ ከዚያም በ2017 ዓ.ም. 8.4። ይህን ሁሉ በስልክና በኩረጃ ላይ ማላከክ ግፍ ነው። ጦርነት አለበት፣ ወረርሽኝ አለበት፣ ያልተማረ አስተማሪ አለበት፣ እኔና የቀይ እስክሪብቶ ምልክቴም አለንበት። ሆኖም በእነዚያ ግቢዎች ውስጥ ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ከጥያቄ ጋር ብቻውን መቀመጡ እውነት ነው።

ከእነዚያ ተፈታኞች አንዱ የእህቴ ልጅ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ 9ኛ ክፍል ነበር። አስተማሪዎቹ ዎርክሺት በቴሌግራም ይልካሉ፤ እሱም ለእኔ ያስተላልፈዋል። «ጋሼ፣ ይቺን ሥራልኝ» ይለኛል። እኔም ሰልፍ ላይ ተቀምጬ እሠራለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። ፈረንሳይኛ እየተንተባተበ ሻንጣ ሲጭን ለሚውል ሰው የአንድ ተዳፋት ሰበቃን አስልቶ ትክክለኛ መልስ ማግኘት ማለት ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ለልጁ የሠራሁ መስሎኝ ለራሴ ስሠራ ኖርኩ። ትምህርት ቤት ተከፍቶም አልተውነውም፤ እስከ 12ኛ ክፍል ቀጠልን። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ተፈተነ። በነሐሴ በክልሉ ግጭቱ ሲነሣ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ውጤቱን የሰማሁት ከእህቴ በተቆራረጠ የስልክ ድምፅ ነው። በፊዚክስ ከመቶ 31። እኔ እኮ ከመቶ መቶ ነበር የማገኘው።

ወራት አልፈው ኢንተርኔቱ ሲመለስ ከእሱ የመጣው የመጀመሪያ መልእክት የደብተር ገጽ ፎቶ ነበር። በአካባቢው ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ እንደሆኑ የታወቀ ነው። እሱ በግል ለመፈተን ከአሮጌ መጽሐፍ እያጠና ነበር። ሥዕሉ አለ፣ ስሌቱ አለ፣ ተሰርዞ እንደገና የተጻፈ አለ። ከሥሩ «ጋሼ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ የት እንደተሳሳትኩ አሳየኝ» ይላል። ሰበቃውን ወደ እንቅስቃሴው አቅጣጫ አድርጎት ነበር። ወዲያው ልነግረው ጣቴ ቸኩሎ ነበር፤ ይልቅስ ሳጥኑ ወዴት እየሄደ እንደሆነ መልሼ ጠየቅሁት። መልሱ እስኪመጣ ከፊቴ አራት መኪና ሄደ።

እንግዲህ «ሌብነት ነው» የሚለውን ለምን ለመጻፍ እንደቸገረኝ ይገባችኋል። ያ ልጅ ዛሬ ለማያውቀው ሰው ጽፎ ቢጠይቅ፣ ትምህርት ቤቱ እሱ ነው።

የእኛዎቹስ? እዚህ ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው፣ መምህሩም አለ። ግን ልጁ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጥያቄ ሲይዘው ቤት ማን አለ? እኔ ኮርናቫን ጣቢያ ፊት ለፊት ነኝ። እናትየው የማታ ተረኛ ናት። ያ እንግዳ ሌላ ምንም ባይኖረው በዚያ ሰዓት ነቅቶ ይገኛል። አለንም ብንል ቋንቋው ይይዘናል። በቀደም ሴት ልጄ የመቶኛ ሒሳብ ይዛ መጣች፤ ዋጋው ላይ «ረሚዝ» አለ። ቅናሽ ማለቷ እንደሆነ እስክንግባባ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። እኔ ስሌቱን አውቃለሁ፣ እሷ ቃሉን ታውቃለች። ስልኳን ብታነሣ በአንድ ደቂቃ ይነገራት ነበር፤ እንዳላነሣች እርግጠኛ አይደለሁም።

ጭንቀቱም ቀላል አይደለም። በጄኔቫ ልጁ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ወደ ሲክል ሲገባ በውጤቱ ተለይቶ ይመደባል። ይህን ለማሻሻል የቀረበውን ሐሳብ የካንቶኑ መራጭ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 በጠባብ ልዩነት ጣለው። ዙሪክ ያሉ ወገኖቻችን የባሰ ይላሉ፤ እዚያ ከ6ኛ ክፍል በኋላ ወደ ጂምናዚየም ለመግባት የጽሑፍ ፈተና አለ፣ ካለፉም ግማሽ ዓመት የሙከራ ጊዜ አለ። የአገሬው ሰው ልጁን በክፍያ ለፈተናው ያዘጋጃል። አንድ የዙሪክ ወዳጄ ለልጁ የማዘጋጃ ትምህርት የከፈለውን ሲነግረኝ፣ በስንት የአውሮፕላን ማረፊያ ምልልስ እንደሚገኝ በልቤ አሰላሁ። ገንዘብ ያለው የሚያውቀውን ሰው ይቀጥራል፤ የሌለው ለማያውቀው ይልካል። ስለዚህ የልጁን ድርጊት ስንነቅፍ ይህን ደብቀን አይሁን።

እንግዳውም ቢሆን ሰው መሆኑ እየቀረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ልጆቹ የሚጠይቁት መኪናውን፣ ቻትጂፒቲን ነው። ለቤት ሥራ መልስ እየሸጠ የከበረው የአሜሪካው ቼግ፣ ይኸው መሣሪያ ደንበኞቹን እየወሰደበት መሆኑን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ሲናገር አክሲዮኑ በአንድ ቀን ግማሽ ያህል ዋጋውን አጣ። ይህን ሳነብ አላዘንኩም። ያዘንኩት ሌላ ነገር ላይ ነው፤ «አንተስ ስንት አገኘህ?» ብሎ ሳይታዘዝ የሚጠይቅ ያ አራተኛው ሰው ሊጠፋ ነው።

ልጆቹ የሚልኩት ፎቶ ላይ ስማቸውና ትምህርት ቤታቸው ጭምር እንደሚታይም ወላጆች ልብ በሉ፤ ይህ ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ለእኚያ አባት የምመልሰው ይህን ነው። ልጅዎ የጠየቀው ሰው ማንነት እኔን ብዙም አላስጨነቀኝም፤ ባዶ እጁን መሄዱ ግን ያስጨንቀኛል። ስልኩን ከመንጠቅዎ በፊት ደብተሩን ያሳይዎት፤ ፈረንሳይኛውን ባያነቡትም የተሰረዘ ነገር መኖር አለመኖሩን ያያሉ። ስርዝ የሌለበት የሒሳብ ደብተር እኔን ያስደነግጠኛል። በከተማችን የቤት ሥራ የሚያግዙ ወጣቶች፣ «ረፔቲቷር» የሚባሉት፣ እንዳሉም ትምህርት ቤቱን ቢጠይቁ ይነግሩዎታል።

ከእኛም መካከል መሐንዲስ አለ፣ ነርስ አለች፣ በድርጅቶቹ የሒሳብ ክፍል የሚሠራ አለ፣ እዚሁ ተወልደው ኮሌጅ የጨረሱ ልጆች አሉ። አንድ ክፍልና ሁለት ሰዓት ቢገኝ እኔ የፊዚክሱንና የሒሳቡን እይዛለሁ፤ ፈረንሳይኛውን ከልጆቹ እማራለሁ። መግቢያው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ ሞክሮ የተሳሳተበትን ገጽ ይዞ ይምጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ፣ የሰዓት ትርኢቱ ሳምንት ካልሆነ በቀር።